በደሴቷ ላይ የቀረችው እህት

ባለቤቴን ስርጉትን ያገኘኋት ጎሚስታ ቤት ነው። ነገሩ የሆነው በ2002፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ነው፣ ዲቪ ደርሶኝ ዳላስ ከገባሁ በስምንተኛው ወር ነበር። ሰዎችን ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ ቫን እነዳለሁ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ካሮልተን ላይ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰና እያዘገምኩ ከዕቃ ባቡሩ ሐዲድ ማዶ ወዳለች ትንሽ ጎሚስታ ቤት ገባሁ። ሦስቱም ሠራተኞች ከስፓኒሽ በቀር ቋንቋ አይሰሙም። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛዬም ገና ነው። የፈለግሁት እንዲለጥፉልኝ ብቻ ነበር፤ እነሱ አዲስ ጎማ አወረዱልኝ። ራሴን ስነቀንቅ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ሌላ አመጡ።

ጥግ ላይ ተራዋን የምትጠብቅ ሴት ነበረች። መልኳን አይቼ የአገሬ ልጅ ናት ብያለሁ፤ ግን አፍሬ አላናገርኳትም። ብድግ አለችና ስፓኒሹን አወረደችባቸው። ሰዎቹ ሳቁ፤ ጎማዬን ፈትተው ይዘው ገቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣

"ሚስማር ነው፤ አሁን ይለጥፉልሃል። ቁጭ በል" አለችኝ።

"ስፓኒሹን የት ተማርሽው?" አልኳት።

"አልተማርኩትም፣ ያደግሁበት ነው። የኩባ ልጅ ነኝ።"

ጎማዬ ተለጥፎ አለቀ፤ የእሷም መኪና አለቀ። እኛ ግን እዚያው በረንዳ ላይ ቆመን ስናወራ ባለጎሚስታው ወንበር አወጣልን። በዓመቱ ተጋባን። በሠርጋችን ላይ ከእኔ ወገን ከመጡት ሐበሾች ይልቅ ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ ካለው የመጋዘን ሥራዋ የመጡት ሜክሲኮዎች ይበዙ ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ ስለ እሷ የሚወራ ነገር አለ። ሥራ በጀመረችበት ቀን ካርቶን የሚያሽጉት ሴቶች በስፓኒሽ እያሟት ነበር። ይህቺ ቀጫጫ እስከ ምሳ አትቆይም፣ ጫማዋን እዩት፣ ሲሉ ዝም ብላ ስታሽግ ቆየች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጫማዋን አንስታ፣ "የገዛሁት ከዚያ ጥግ ካለው ሱቅ ነው፤ ቅናሹ ሳያልቅ ድረሱበት" አለቻቸው፣ በራሳቸው ቋንቋ። ከሁለት ዓመት በኋላ የክፍሉ ሱፐርቫይዘር እሷ ሆነች። ስፓኒሿ ግን እስከ ዛሬ ያስቃቸዋል፤ የቃሉን መጨረሻ እንደ ኩባዎቹ ትውጠዋለች።

ስርጉት የድሬዳዋ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ሀብቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የሶማሊያ ጦርነት ሲመጣ ከሚሊሻው ጋር ዘምተው ወደ ጅጅጋ በኩል ቀሩ። እናቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅም ዓመት ሳይሞላ ታመው ተከተሏቸው። በዚያ ጦርነት ኩባ ከኢትዮጵያ ጎን ቆማ ወታደሮቿን ልካ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ ወላጅ ያጡትን ልጆች ወስዳ ልታስተምር ተስማማች። ስርጉት በስምንት ዓመቷ፣ ታላቋ ዓለምጌጥ በአስራ አንድ ዓመቷ፣ ከብዙ መቶ ልጆች ጋር አሰብ ላይ መርከብ ተሳፈሩ። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር 1971 ዓ.ም. ነበር።

መርከቡ ላይ ልጁ ሁሉ ያስመልሰው ነበር። ዓለምጌጥ ነጠላዋን ቀደደችና አንዱን ጫፍ በራሷ ወገብ፣ ሌላውን በስርጉት ወገብ አሰረችው። "ውኃው ከወሰደን አብሮ ይውሰደን" አለቻት። ስርጉት ይህን ስታወራ ትስቃለች፤ ምክንያቱም ታስረው ስለነበር አንዷ ሽንት ቤት ስትሄድ ሌላዋ በር ላይ ትቆም ነበር።

የገቡበት ቦታ ኢስላ ትባላለች። ከዋናዋ ኩባ በስተደቡብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። እዚያ ከብዙ አገር የመጡ ልጆች የሚማሩባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ግሬፕፍሩት ለቀማ። ስርጉት ስለ ልጅነቷ በሐዘን ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። መዋኘት፣ ቤዝቦል መጫወት፣ ሩዝ በጥቁር ባቄላ መብላት፣ በግሬፕፍሩት መወራወር፤ እሷ የምታስታውሰው ይህን ነው። የሚያለቅስ ሕፃን ሲኖር ዓለምጌጥ ጋ ይወስዱት ነበር። ዓለምጌጥ በዚያው ነርስነት ተማረች፣ ኤሊሴዮ የሚባል የጀልባ ሞተር ጠጋኝ አገባች፣ ኢስላ ላይ ቀረች። ስርጉት ሃያ ዓመት ሲሆናት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ወደቡ ላይ ሲሰነባበቱ፣ በሁለት ዓመት ተመልሼ እጠይቅሻለሁ ብላት ነበር። በመካከሉ ዲቪ ደረሳትና ከኩባ በጣም ወደቀረበ አገር መጣች፤ መንገዱ ግን ከአዲስ አበባው ይልቅ የራቀ ሆኖ አገኘችው።

አሜሪካና ኩባ የተኳረፉት እኛ ሳንወለድ ነው። አንዱ በሌላው አገር ውስጥ ኤምባሲ የለውም። እኔ የማላውቀውን ጉዳይ ይህን ያህል ያወቅሁት በስርጉት ምክንያት ነው። ከ2004 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ ይበልጥ ጠበቀ። ኩባ ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቆ ብቻ ነው የሚሄደው፤ የሚጠየቀውም ወላጅ፣ ልጅ፣ እህት ወንድም የመሳሰለው የቅርብ ዘመድ ብቻ ነው። በፖስታ ምግብና መድኃኒት ይላካል፤ ልብስና ሳሙና አይላክም። ስርጉት አንድ ቀን ካርቶን ስታሽግ ሳሙናዎቹን ከውስጥ አውጥታ መደርደሪያ ላይ መለሰቻቸውና፣ "ይህን ያህል ትልቅ መንግሥት ከእህቴ ሳሙና ምን ጉዳይ አለው?" አለችኝ።

በ2006 ዜግነት እንዳገኘች ፈቃድ ጠየቀች። ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ እህትማማች መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ አያይዢ ይላል። በዚያን ቀን ነው አንድ ያልነገረችኝን ነገር የነገረችኝ።

"ይርጉ" አለችኝ፣ "እኔና ዓለምጌጥ ከአንድ ማህፀን አልወጣንም።"

ወላጅ እናቷ የአቶ ሀብቴ ጎረቤት ነበረች። ስርጉት ገና ስትድህ ሞተች፤ አባትየው አይታወቅም። አቶ ሀብቴና ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወሰዷት፣ በስማቸው አስጠሯት፣ አሳደጓት። ይህን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሳይሞቱ ለሁለቱም ነግረዋቸዋል። የልደት ካርድ የሚባል ነገር ግን በዚያ ቤት አልነበረም። ስርጉት ለመሥሪያ ቤቱ እውነቱን ጽፋ መለሰች። ማስረጃ ሲገኝ እንደገና ያመልክቱ የሚል መልስ መጣ፤ እሷም ደብዳቤውን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ በኋላ በፎን ካርድ ብቻ ተወሰነች። እሁድ እሁድ በስፓኒሽ ሲንጫጩ እኔ ድስቱን እጠብቃለሁ።

በ2008 ነሐሴ ማብቂያ ላይ ትልቅ አውሎ ነፋስ ኢስላን መታት። ቴሌቪዥኑ ጣራ የሌላቸው ቤቶች ያሳያል። ስልክ የለም። ስርጉት ሥራ ሄዳ ትመለሳለች፣ ትደውላለች፣ መስመሩ አይነሳም። በዜናው ላይ ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት ስለ እርዳታው ይነጋገራሉ። ትልቁ እርዳታ ልስጥሽ ይላል፤ ትንሿ እርዳታህን አልፈልግም፣ ይልቅ የቤት መሥሪያ ዕቃ እንድገዛ ፍቀድልኝ ትላለች። ስርጉት ቴሌቪዥኑን ዘጋችው። በአስራ ዘጠነኛው ቀን፣ መጋዘኑ ውስጥ ፎርክሊፍት እየጮኸ፣ ስልኳ ጠራ።

"ጣራው ሄዷል፤ እኛ አለን" አለች ዓለምጌጥ። "ኤሊሴዮ በራችንን ያገኘው ሦስት ቤት አልፎ ነው። ጎረቤቶቻችን በራቸው አድርገው ገጥመውት አገኘነው፣ አንሰጥም ብለዋል።"

በዚያ ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ካርቶኑን ትተው ስርጉትን ከበው ሲስቁና ሲያቅፏት እንደነበር ነገሩኝ። አለቃው መጥቶ ምን ተፈጠረ ቢል፣ የበሩን ነገር በእንግሊዝኛ የሚያስረዳው አጣ።

ከዚያ 2009 መጣ። በሚያዝያ አንድ ቀን ኤርፖርቱ ላይ ተራዬን ስጠብቅ በሬዲዮ ሰማሁ። አሜሪካ ኩባ ውስጥ ዘመድ ላላቸው ሰዎች የጉዞውን ገደብ ልታነሳ ነው። በዓመት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን የሚለው ቀረ። ልብስና ሳሙናም ሊፈቀድ ነው። ወዲያው ለስርጉት ኮል አደረግሁላት።

"ደግመህ በለው" አለችኝ። ደገምኩት።

"አንድ ጊዜ ደግሞ።"

ስደግም ተሳፋሪዎቼ መጡና ሻንጣቸውን እየጫንኩ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ነገርኳት።

ደንቡ በሥራ ላይ የዋለው በመስከረም መግቢያ ነው። ስርጉት በዚያው ሳምንት ማያሚ ወዳለ አንድ የጉዞ ወኪል ደወለች። ያነሳችው ኦዳሊስ የምትባል ኩባዊት ናት። ስልኩ ጮክ ብሎ ተከፍቶ ስለነበር እሰማለሁ፤ ስርጉት እየተረጎመችልኝ ነው።

"ፈቃድ መጠየቅ ቀርቷል፣ የኔ ቆንጆ" አለች ኦዳሊስ። "የቃል ማረጋገጫ ትፈርሚያለሽ፣ በቃ። የምትጠይቂያት ማንሽ ናት?"

"እህቴ።"

"ግሩም። ቅጹ ላይ ሦስት ምርጫ አለ። ዘመዴ የሆነችው በደም፣ በጋብቻ ወይስ በጉዲፈቻ ነው ይላል። በደም ልበለው?"

ስርጉት ወደ እኔ ዞረች። እኔ ራሴን ላይ ታች አወዛወዝኩ፤ አዎ በያት ማለቴ ነው።

"መልሼ እደውልልሻለሁ" ብላ ዘጋችው።

"ምነው?" አልኳት። "ማን ደምሽን ይመረምራል?"

"ማንም አይመረምርም። ግን እውነት ነው ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። ዓለምጌጥን ልጠይቅ ስሄድ በውሸት መሄድ አልፈልግም። እሷን ሐሰት የሚያደርጋት ይመስለኛል።"

"ኦኬ፣ ጉዲፈቻ በያት።"

"ጉዲፈቻ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሕግ ያለበት ነገር ነው። ምናልባት ዝም ብለው ነው ያሳደጉኝ።"

በሚቀጥለው እሁድ ለዓለምጌጥ ነገረቻት። ከዚያ በስፓኒሽ የተባባሉትን አልሰማሁም፤ የስርጉት ፊት ሲለወጥ ግን አየሁ። እስክሪብቶ አምጣ አለችኝ በእጇ። ዓለምጌጥ ስድስት ዓመት ሳይሞላት ያየችውን አስታውሳ ነበር። አንድ መነጽር ያደረጉ ሰው፣ ከአባታቸው ጋር ምድር ባቡር የሚሠሩ ጸሐፊ፣ ወረቀት ይዘው ቤት መጡ። ለእሷ ከረሜላ ሰጧት። ወረቀቱን ጮክ ብለው አነበቡና መሬት ላይ የምትጫወተውን ስርጉትን እያሳዩ፣ "ይህቺ ማን ናት?" አሏት። እሷም፣ "እህቴ ናት" አለች። ሰውየው ሳቁና ጻፉ። ስማቸው ፍቃዱ ነበር።

"ድሬዳዋ ውስጥ ስንት ፍቃዱ አለ!" አልኩ። "ደግሞም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።"

ስርጉት ግን ሪቻርድሰን ወዳለው የዙሌይካ ሱቅ ደወለች። ዙሌይካ በርበሬና ሳምቡሳ የምትሸጥ የድሬ ልጅ ናት፤ በዚህ አካባቢ ያለ የድሬ ሰው ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል።

"የትኛውን ፍቃዱ ነው የምትፈልጊው?" አለች ዙሌይካ። "ሹፌሩን ነው ወይስ የምድር ባቡሩን?"

"የምድር ባቡሩን" አለች ስርጉት።

"እሳቸውማ ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ነበሩ፤ ሚጥሚጣዬ አይፋጅም ብለው ሲጣሉኝ። ልጃቸው ጋ ዋይሊ ነው ያሉት፤ ዓመት ሆናቸው።"

ዋይሊ የሄድነው በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። መንደሩ አዲስ ስለሆነ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ የሰው በር አንኳኳን። የአቶ ፍቃዱን ቤት ያወቅነው ከአጥሩ በላይ በሚታየው ቃሪያ ነው። ሰባ አምስት ያለፋቸው ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ነርስ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ነው የሚውሉት። ስርጉት ስሟን ከነአባቷ ነገረቻቸው። አትክልት የሚያጠጡበትን የውኃ ጎማ አስቀመጡና መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ።

"የቱ ሀብቴ? የመጋዘኑ ሀብቴ ነው? የጥሩወርቅ ባል?"

"አዎን፣ አባባ።"

"ትንሿ ነሽ ትልቋ?"

"ትንሿ።"

"አቦ ተይ" አሉ፣ ቀስ ብለው። "ያቺ ወረቀቴ ላይ ሻይ የደፋችው?"

ከዚያ በኋላ ስርጉት የምትጠይቃቸው ነገር አልቀረም፤ ሁሉንም እሳቸው ተናገሩት። አቶ ሀብቴ ልጅቷን ዝም ብለው አላሳደጉም። ፍቃዱ፣ አንተ ጽሕፈት ታውቃለህ፣ በሕግ ልጄ አድርግልኝ ብለው ለምነዋቸው ነበር። ውሉን የጻፉት በእጃቸው ነው፤ ከምስክሮቹም አንዱ ናቸው። ፍርድ ቤት ቀርበው አጽድቀውታል።

"ዳኛው፣ ወንድ ልጅ አይሻልህም ወይ ብሎ ቀለደበት" አሉ። "ሀብቴ ምን አለው መሰለሽ? እኔ መርጬ አይደለም፣ እየዳኸች ደጄ ላይ መጥታ የገባችው እሷ ናት አለው።"

ስርጉት አባቷን የምታስታውሰው በትንሹ ነው፤ የቆዳ ቦርሳቸውንና ሲያስነጥሱ የሚያሰሙትን ድምፅ ብቻ። እንዲህ ያለ ንግግራቸውን ከሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ደግመው እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው፤ ደገሙላት። እኔ ወደ ቃሪያው ዞር አልኩ።

ወረቀቱን አሁን ማግኘት ይከብዳል። አቶ ፍቃዱ ግን ለዚህም መላ ነበራቸው። "እኔ ምን ልሠራ አለሁ? እመሰክራለኋ!" አሉ። ቃላቸውን ልጃቸው በእንግሊዝኛ ጻፈችው። ለሚቀጥለው ሰኞ ዋይሊ ውስጥ ፎቶኮፒ የሚያነሳ፣ የመሐላ ቃል የሚያረጋግጥ ኖተሪም ያለው አንድ ሱቅ ጋ ቀጠሮ ያዝን። ሙቀቱ ያቃጥላል፤ አቶ ፍቃዱ ግን ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሰው ነው የመጡት።

ኖተሪዋ ፀጉሯን ሐምራዊ ያቀለመች ወጣት ናት። መታወቂያቸውን አየችና፣ ይህ ቃል እውነት መሆኑን ይምላሉ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ልጃቸው ተረጎመች። አቶ ፍቃዱ ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ቀኝ እጃቸውን አነሡ፣ ከዚያም በአማርኛ ጀመሩ። ከባቡር ጣቢያው ተነሥተው፣ የሀብቴን ጠባይ፣ የጥሩወርቅን ደግነት፣ የዳኛውን ቀልድ፣ የተደፋውን ሻይ ሳይቀር ተናገሩ። ካርድ ሊገዙ የመጡ ሁለት ሰዎች ቆመው ያዳምጣሉ። ሲጨርሱ ቁጭ አሉ።

ኖተሪዋ ወደ ልጃቸው ዞራ፣ "አዎ ማለታቸው ነው?" አለች።

"አዎ ማለታቸው ነው" አለች ልጃቸው።

ማኅተሙን መታችበት። አቶ ፍቃዱ ማኅተሙን ቀና አድርገው በብርሃን ተመለከቱትና፣ "የድሬዳዋው ይበልጥ ነበር" አሉ፣ "ግን ይሁን።"

ስርጉት ከሱቁ እንደወጣች መኪና ውስጥ ሆና ወደ ማያሚ ደወለች። "ኦዳሊስ፣ በጉዲፈቻ በይው" አለቻት። ኦዳሊስ ወረቀት አልጠየቀችም፤ ማንም አልጠየቀም። ስርጉት ግን የአቶ ፍቃዱን ቃል በፕላስቲክ አድርጋ ፓስፖርቷ ውስጥ ያዘችው።

ደንቡ በአንድ ቤት አብሮ የሚኖር ቤተሰብም አብሮ እንዲሄድ ስለሚፈቅድ እኔም ተፈቀደልኝ። በታኅሣሥ መጨረሻ ከዳላሱ ኤርፖርት ከዲኤፍደብሊው ወደ ማያሚ፣ ከማያሚ በኪራይ አውሮፕላን ወደ ሐቫና በረርን። ሰው ሁሉ ሻንጣውን በፕላስቲክ ጠቅልሏል። ከጎናችን የተቀመጠ ሽማግሌ ጭኑ ላይ የመኪና ጭስ ማውጫ ይዟል። የእኛ ሁለት ሻንጣ ሙሉ በሙሉ ልብስና ሳሙና ነበር፤ ስርጉት መንገዱን ሁሉ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። አውሮፕላኑ ሐቫና ላይ መሬት ሲነካ ተሳፋሪው በሙሉ አጨበጨበ። በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ ወደቡ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ ኢስላ።

ጀልባው የደሴቷን ወንዝ ይዞ ወደ ከተማዋ ሲጠጋ ስርጉት ቆማ ነበር። ሰው እንዳይከፋው አድርጋ ሁሉንም በክርኗ እየገፋች ፊት ወጣች። ወደቡ ላይ ብዙ ሕዝብ አለ፤ እኔ ማንን እንደምፈልግ እንኳ አላውቅም። እሷ ግን ገና ከሩቅ አየቻት። አንዲት ነጭ የነርስ ልብስ የለበሰች፣ ፀጉሯ ከፊት የሸበተ ሴት የገመዱን አጥር በእግሯ ተሻግራ እየመጣች ነው። ጠባቂው ሊይዛት ሞከረ፤ እንደማያቆማት ሲያይ አጥሩን ራሱ አነሣላት።

ሁለቱ ተያይዘው ሲሽከረከሩ አንድ የሙዝ ጋሪ ገለበጡ። ባለጋሪው አልተቆጣም። እንዲያውም ኤሊሴዮን ያውቀው ኖሮ፣ "ሚስቱ አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቀቻት እህቷ ናት" ሲሉት ሙዙን አንሥቶ ለቆመው ሰው ማደል ጀመረ።

ከዚያ ዓለምጌጥ ወደ እኔ መጣች። ልብሷን አስተካከለች፣ ጎሮሮዋን ጠረገች፣ ብዙ ቀን ስትለማመደው የቆየችውን አማርኛ ተናገረች።

"እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ? መንገዱ አደከመዎት?"

መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ከእኔ በአራት ዓመት ትበልጣለች፣ ጸጉሯ ሸብቷል፣ ደግሞ "ጋሼ" ትለኛለች። ቆይቶ ነው የገባኝ። አማርኛዋ በአስራ አንድ ዓመቷ መርከብ ላይ እንደወጣች የቀረ ነው። ትልቅ ወንድ ሲያዩ "ጋሼ" ይባላል፣ "አንቱ" ይባላል፤ እሷ የምታውቀው ይህን ነው። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ባል፣ ስለ ደም ግፊት የምታወራበት አማርኛ የላትም። ከረሜላ፣ ባቡር፣ ሱዚ፣ "እማዬ ትቆጣለች"፣ ይህ ሁሉ አላት። ለአስራ ሁለት ቀን ያን የልጅ አማርኛ ሰማሁ። አንድ ቀን ኤሊሴዮ ሞተር ሲፈታ እጁን ቆረጠውና ቁስሉን ስታጥብ፣ ስፓኒሹን ትታ፣ "አይዞህ ማሙሽ፣ እፍ እልልሃለሁ" አለችው። ኤሊሴዮ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ስርጉት ስቃ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃታት።

አዲሱ ጣራ ቆርቆሮ ነው። በሩን ግን ጎረቤቶቹ እስከ ዛሬ አልመለሱም፤ ለስርጉት ክብር የተደረገው ግብዣ በሁለቱም ቤት ስለሆነ በዚያ በር ስንገባና ስንወጣ ዋልን። ስርጉት የአቶ ፍቃዱን ቃል አውጥታ በስፓኒሽ እየተረጎመች አነበበችው። አቶ ሀብቴ ለዳኛው የመለሱት ጋ ስትደርስ ዓለምጌጥ ወረቀቱን ተቀበለቻት። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ማኅተሙን ነው የምትዳስሰው። "አባዬ" አለች፣ "አባዬ እንዲህ ይላል። ልክ ነው፣ እንዲህ ነው የሚለው።" ማታውን ሁለቱም እያለቀሱ ይሆናል ብዬ ሰጋሁ፤ ቤዝቦል ሊያዩ ስታዲየም ሄደው ነበር።

ስንለያይ ዓለምጌጥ እስከ ወደቡ ሸኘችን። ስርጉት አሁን የሁለት ዓመት ቀጠሮ አልሰጠችም። "በሐምሌ የእረፍት ቀን አለኝ" አለቻት፤ ዓለምጌጥም፣ "በሐምሌ ማንጎ ይደርሳል" አለች።

ማያሚ ላይ ፓስፖርት የሚያየው ሰው ኩባ ማንን ልትጠይቂ ሄድሽ አላት።

"እህቴን" አለች፤ ፕላስቲኩንም አብራ አቀረበችለት። ሰውየው አልተመለከተውም፤ ማኅተሙን መትቶ እንኳን ደህና መጣሽ አላት። ስርጉት ትንሽ ቅር አላት፤ እንዲያነብላት ፈልጋ ነበር።

ዳላስ በገባን በመጀመሪያው እሁድ ፎቶዎቹን ይዘን ዋይሊ ሄድን። አቶ ፍቃዱ አንድ በአንድ እያቀረቡ ተመለከቷቸው። ዓለምጌጥ በር ላይ ቆማ የሳቀችበትን ለብቻው አስቀመጡ። "ቁርጥ ጥሩወርቅን ናት" አሉ፣ "ከግንባሯ በስተቀር። ግንባሩ የሀብቴ ነው።" ስርጉት በፎን ካርድ ደውላ አገናኘቻቸው። አቶ ፍቃዱ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "አንቺ ዓለምጌጥ፣ ፍቃዱ ነኝ፤ ከረሜላውን የሰጠሁሽ" አሏት። ከዚያ ወዲያ ሌላውን የምትናገረው ዓለምጌጥ ነበረች። እሳቸው "እሺ"፣ "በጣም ጥሩ"፣ "እሺ ልጄ" ብቻ ይላሉ። ካርዱ አልቆ መስመሩ ሲቋረጥ እኔ መኪናውን አስነሥቼ ሌላ ካርድ ልገዛ ወጣሁ።